ማን ቀረ? ማን ሄደ? ስለ «ሪቴንሽን» እና «ተርንኦቨር» አጠቃቀም

ዛሬ ስለ ጥቂት የእንግሊዝኛ የቢዝነስ ቃላት ላወጋችሁ ነው። ቃላቱ ከባድ አይደሉም። ሁላችንም የምናውቃቸው ይመስለናል፤ ችግሩም እሱ ነው። እኔም የማውቃቸው መስሎኝ ነው በክፍል ጓደኞቼ ፊት ያፈርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በቢዝነስ ዘገባ ኮርስ ላይ መምህራችን ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተጻፈ ጥናት ጥቂት አንቀጾች ሰጡንና «በእንግሊዝኛም በአማርኛም አጭር ዜና ሥሩበት» አሉን። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ፓርክ ውስጥ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሥራ በጀመሩበት በመጀመሪያው ዓመት «አትሪሽን» 100% አካባቢ እንደነበረ ይናገራል። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበረም ይጨምራል፤ ሰው ለምን እንደማይበረክት ከዚህ ላይ ግማሹን መገመት ይቻላል። እኔ ታዲያ ምን ብዬ ጻፍኩ? በአማርኛው «የፓርኩ ሠራተኞች በሙሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀቁ» አልኩ። በእንግሊዝኛው ደግሞ «ኦል ዎርከርስ ሪሊዝድ ዘ ፋክተሪስ» አልኩት። መቶ ፐርሰንት ማለት ሁሉም ማለት አይደል? ነጥብ እጠብቃለሁ እኔ!

ሥራችን ዲፓርትመንቱ ኮሪደር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ አንዲት የክፍላችን ልጅ መጣችና «ሁሉም ለቀቁ ያልከው ከየት አምጥተህ ነው? እህቴ እኮ ያኔ እዛው ነበረች» አለችኝ። እህቷ በ2009 ዓ.ም. ነው የገባችው። እኔ «ሁሉም ለቀቁ» ባልኩበት ዓመት ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ እየሄደች፣ ማታ እግሯ አብጦ እየተመለሰች፣ ለታናሽ እህቷ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ትልክ ነበር። ልጅቷ ሲቪክስ እንዳስተማረኝ ሰው ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጥናቱ ተሳስቶ ይሆናል» ልል ፈለግሁ። ግን ጥናቱ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ላይብረሪ ገብቼ፣ መምህራችንንም እየጠየቅሁ፣ የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ተርንኦቨር የሚቆጥረው መውጣትን ነው፤ ወንበሩ ስንት ጊዜ ባዶ ሆነ ብሎ። ሪቴንሽን ግን የሚቆጥረው ሰውን ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ከነበሩት ውስጥ በዓመቱ መጨረሻ እነማን አሉ ብሎ። አሥር የስፌት መኪና ያለበትን አንድ መስመር አስቡ። መስከረም ላይ አሥር ሠራተኛ ይጀምራል። ስድስቱ ዓመቱን ሙሉ አሉ። በቀሩት አራት መኪናዎች ላይ ግን ሰው አልበረክት አለ። በሁለቱ መኪናዎች ላይ ሦስት ሦስት ሰው፣ በሌሎቹ ሁለት ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው እየተቀጠረ ወጣ። የወጡትን ስንደምር አሥር ሆኑ። አሥሩን ለአማካዩ የሠራተኛ ብዛት፣ ማለትም ለአሥር፣ ስናካፍለው ተርንኦቨሩ 100% ነው። ሪቴንሽኑስ? ከመስከረሞቹ አሥር ሰዎች ስድስቱ ስላሉ 60% ነው። ያው መስመር፣ ያው ዓመት፤ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። የጓደኛዬ እህት ከስድስቱ አንዷ ነበረች ማለት ነው፤ እኔ በአንድ «በሙሉ» የሰረዝኳት።

ስለዚህ ተርንኦቨርን ከመቶ ቀንሶ ሪቴንሽን ማግኘት አይቻልም። እንዲያውም ተርንኦቨር ከመቶ ሊበልጥ ይችላል። ሰው በየወሩ የሚቀያየርበት ካፌ 200% ቢሆን አትደንግጡ። ሪቴንሽን ግን ከመቶ ከበለጠ ወይ ስሌቱ ተሳስቷል ወይ አዲስ የተቀጠሩትን አብሮ ቆጥሯል።

የዚህ ተቃራኒ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ እዚሁ አገራችን አለ። ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ይዘው፣ ሥራውን ለአንዳንዶቹ በዕጣ ሰጥተው ተከታተሏቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጆርናል ታትሟል። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ይኼ 77 የሰዎች ቁጥር ነው። እነማን እንደጀመሩ ይታወቃል፣ እነማን እንዳሉ ይታወቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ከመቶ 23ቱ ቀሩ» ብንል እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛም «ሪቴንሽን» የምትለው ቃል ቦታዋ ነው። የሐዋሳው 100% ላይ ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዜና አንባቢ «ሐዋሳ ባሰ» ይላል፤ የተቆጠረው ነገር የተለያየ መሆኑን ካልነገርነው በምን ያውቃል?

«አትሪሽን» የምትለዋ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ከላቲን የመጣች ናት፤ መነሻዋ መፈተግ፣ እየተፋቀ ማለቅ ነው። ሞረድ ላይ ብዙ ጊዜ የተሳለ ቢላዋ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ አስቡ። በጥብቁ አነጋገር ሰዎች በጡረታ፣ በፈቃዳቸው ወይም በሞት ሲሄዱና ቦታቸው ሳይተካ ሲቀር ነው አትሪሽን የሚባለው። ተርንኦቨር ከሆነ ይተካል። ነገር ግን ብዙ ጸሐፊዎች፣ የሐዋሳውም ጥናት ጭምር፣ ሁለቱን አንድ አድርገው ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ ቃሏን ስናገኝ ወዲያው ከመተርጎም በፊት «የለቀቀው ተተክቷል ወይስ አልተተካም?» ብሎ ማንበብ ነው። በሐዋሳ ተተክቷል።

የአማርኛው ጎን ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስህተታችን የሚወለደው ከዚያ ስለሆነ። «ለቀቀ» የሚለውን ግሥ ተመልከቱ። ሠራተኛው ድርጅቱን ለቀቀ እንላለን፤ ድርጅቱ ሠራተኛውን ለቀቀው ብንልም ያስኬዳል። አንድ ግሥ በሁለት አቅጣጫ! እንግሊዝኛው «ሪሊዝ» ግን የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ የያዘው አካል ነው የሚለቀው። የኔ «ዎርከርስ ሪሊዝድ ዘ ፋክተሪስ» እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ሠራተኞቹ ፋብሪካዎቹን አስረው ኖሮ ፈቷቸው ማለት ነው። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «ዋስ አቅርበው ነው?» ብለው ጽፈውበታል። ሠራተኛ በፈቃዱ ሲሄድ «ሪዛይንድ»፣ «ሌፍት» ወይም «ኩዊት» ነው። በየቢሮው «ሪሊዝ ወሰደ» የምንለው ወረቀት አማርኛችን ውስጥ ይኑር፤ እንግሊዝኛ ዜና ውስጥ ግን አይግባ።

«አስቀረ» ደግሞ ይብሳል። «ድርጅቱ ነባር ሠራተኞቹን ማስቀረት ይፈልጋል» ቢባል፣ ሊያቆያቸው ነው ወይስ ሊያስወግዳቸው? ሁለቱንም ይሰጣል። «መጠበቅ»ም እንዲሁ ነው፤ «ደንበኞቹን ይጠብቃል» ሲባል በር ላይ ቆሞ የሚያያቸው ይመስላል። ለ«ሪቴይን» ከሁሉ የሚቀርበው «ማቆየት» ነው፤ ሠራተኛ ማቆየት፣ ደንበኛ ማቆየት። ለተርንኦቨር መሥሪያ ቤቶች «የሠራተኛ ፍልሰት» ይላሉ። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ፍልሰት ሲባል ሁሉም በራሱ እግር የሄደ ይመስላል። የተባረረውም በዚያው ቁጥር ውስጥ ካለ ቃሉ ይሸፍነዋል።

ይህን ለመለየት ለኛ ለተማሪዎች ቀላሉ መንገድ ግቢያችን ውስጥ አለ። ዊዝድሮዋል የሞላን ልጅ «ዲስሚስ ሆነ» ብላችሁ ብታወሩበት ዝም ይላችኋል? ሁለቱም ዶርም ለቀዋል፣ ሁለቱም ክሊራንስ ጨርሰዋል። አንዱ ግን ራሱ ነው የወሰነው፣ ሌላው ተወስኖበት ነው። በመሥሪያ ቤትም ያው ነው። እንግሊዝኛው በፈቃድ የሆነውን «ቮለንተሪ ተርንኦቨር»፣ ያለፈቃድ የሆነውን «ኢንቮለንተሪ» ይለዋል። ያለፈቃድ በሚለውም ውስጥ «ፋየርድ» ወይም «ዲስሚስድ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ በጥፋት የሄደ ነው፤ «ሌይድ ኦፍ» የተባለው ግን ምንም አላጠፋም፣ ሥራው ነው የጠፋው። እንግሊዞች ለዚህ «ሪደንደንት» ይላሉ። አማርኛችን ለዚህ ሕጋዊ ቃል አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሠራተኛ ቅነሳ» ይለዋል። ይህን የምታህል ልዩነት ገንዘብም አላት። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ በአዋጁ መሠረት ከስንብት ክፍያው ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። «በፈቃዱ ለቀቀ» ለተባለው ይህ ጭማሪ የለም።

ተርንኦቨር ሌላም ትርጉም አለው። በእንግሊዝ አገር አነጋገር የአንድ ድርጅት የዓመት ሽያጭ ራሱ ተርንኦቨር ይባላል፤ አሜሪካኖች ለዚህ «ሬቨኒዩ» ወይም «ሴልስ» ይላሉ። በኛ አገር በ1995 ዓ.ም. ከቫት ጋር የመጣው ተርንኦቨር ታክስ፣ ነጋዴው «ቲኦቲ» ይለው የነበረው፣ ከሠራተኛ መልቀቅ ጋር ምንም አይገናኝም ነበር፤ ከሽያጩ ነበር። እንግዲህ «ዘ ካምፓኒ ሃድ ሃይ ተርንኦቨር» ተብሎ ብታነቡ ደስ ይበላችሁ ወይስ ይክፋችሁ? አጠገቡ «ስታፍ» ወይም «አንዩዋል» የሚል ቃል ካለ ይለያል። እኛ ስንጽፍ ያቺን ቃል አለመርሳት ነው። ሪቴንሽንም ከዚህ አያመልጥም። ኮንትራክተር ዘንድ ሄዳችሁ «ሪቴንሽናችሁ እንዴት ነው?» ብትሉት ስለ ሠራተኛ አይመስለውም። አሠሪው ከየክፍያው ላይ ቀንሶ የያዘበት፣ ሕንፃው እንከን እንደሌለው ሲረጋገጥ የሚለቀቅለት ገንዘብ ትዝ ብሎት ብሶቱን ይነግራችኋል።

ወደ ደንበኛ እንለፍ። እዚህ ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ቀድሟል ባይ ነኝ። «ደንበኛ» ስንል ከስሙ ጀምሮ የተመላለሰ ሰው ነው። አንዴ ገዝቶ የሄደ መንገደኛ ገዥ ነው እንጂ ደንበኛ አይባልም። እንግሊዝኛው «ከስተመር» ግን አንዴ የገዛውንም ይጨምራል፤ ለዚህ ነው «ሪፒት ከስተመር» እና «ከስተመር ሪቴንሽን» የሚሉ ተጨማሪ ቃላት ያስፈለጉት። ከስተመርን ሁልጊዜ «ደንበኛ» ብለን ስንተረጉም ያልነበረ ወዳጅነት እንፈጥራለን።

ስሌቱን በሰፈራችን እንየው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ እንበል። ጋሼ ሴሚስተሩ ሲጀመር 80 ደንበኛ ነበራቸው፤ ሲያልቅ 90 ሆነ። «ተመስገን፣ ሰው አልቀነሰብኝም» ይላሉ። ግን ከዘጠናዎቹ 30ዎቹ አዲስ ፍሬሾች ናቸው። አዲሶቹን ስናወጣ ከድሮዎቹ 80 የቀሩት 60 ናቸው፤ ሪቴንሽን ሬቱ (መራራው ሬት አይደለም) 75% ሆነ ማለት ነው። ሃያ ሰው ጠፍቶባቸዋል፣ አላወቁም። ይህ የጠፋው 25% «ቸርን» ይባላል። ቸርን ማለት ቃል በቃል መናጥ ነው፤ እናቶቻችን ወተቱን በቅል አድርገው የሚያደርጉት። የንግዱ ቃል ከዚህ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ከላይ ለሚያየው ቅሉ እንደሞላ ነው። ጊዜውን መጥቀስም አይረሳ። «ሪቴንሽናችን 75% ነው» ያለውን ሥራ አስኪያጅ «በወር? በዓመት?» ብላችሁ ጠይቁት። በወር ከሆነ በዓመቱ መጨረሻ ከነባሮቹ ስንት እንደሚተርፉ አስሉት፤ መቶ ሰው ይዞ ከጀመረ ሦስትና አራት ሰው ነው የሚቀረው።

ሌላው ቀልጠፍ ብለን የምናምታታው ሪቴንሽንና «ሎያልቲ» ነው። ሪቴንሽን ተግባር ነው፣ ሰውዬው አለ። ሎያልቲ የልብ ነገር ነው፣ ሌላ አማራጭ እያለው አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን እስኪጀምር ድረስ የሞባይል ቁጥር ለማውጣት ያለን አማራጭ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ማንም ሰው መስመሩን ይዞ መቆየቱ ስለ ልቡ ምንም አይናገርም። አሁን ደግሞ ሁለት ሲም የያዘው ብዙ ነው፤ አንዱን ለኢንተርኔት አንዱን ለጥሪ። እሱ የትኛው ዘንድ ነው «ሪቴይንድ»? ስንት ቀን ያልተጠቀመን ሰው እንደጠፋ እንደሚቆጥር የሚወስነው ኩባንያው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የቸርን ቁጥር ሲሰጠን ቀኑን መጠየቅ የጋዜጠኛ ፋንታ ነው።

ጥቂት ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። «ስታፍ» የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከሆኑ ብዙ ስለሆኑ ብለን «ስ» አንቀጥልባትም፤ «ስታፍ ሜምበርስ» ማለት ይቻላል። ይህን የምለው የዲፓርትመንታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይቼ ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። «ሪቴይን» በቀጥታ ተሳቢ ይወስዳል፤ «ሪቴይን ከስተመርስ» እንጂ መሐሉ ላይ «ዊዝ» ወይም «ኦፍ» አይገባም። «ዘ ካምፓኒ ኢዝ ዎርኪንግ ቱ ሪድዩስ ሪቴንሽን» ብሎ የጻፈ ጓደኛ አለኝ፤ ኩባንያው ሰው ለመቀነስ እየሠራ ነው ማለቱ ነው። የሚቀነሰው ቸርንና ተርንኦቨር ነው፣ ሪቴንሽን ይጨመራል። የሚገርመው ግን «ሪቴንሽን ፕሮብለም» እና «ተርንኦቨር ፕሮብለም» አንድ ናቸው፤ ቃላቱ ተቃራኒ፣ ችግሩ አንድ። ስፖርት ለምትጽፉ ደግሞ «ሪዛይን» ለቀቀ ሲሆን መሐሉ ላይ ጭረት ገብታ «ሪ-ሳይን» ከሆነ እንደገና ፈረመ ነው። በአንዲት ጭረት ተጫዋቹ ወይ ሄደ ወይ ቀረ። «ሪቴይነር» ደግሞ በቋሚነት ሳይቀጠር በየወሩ የሚከፈለው ሰው ክፍያ ነው፤ ለፍሪላንስ ጋዜጠኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ።

ዜናዬን እንደገና ጻፍኳትና ሳትለጠፍ በፊት ለዚያችው ልጅ አሳየኋት። መጨረሻው ላይ ስለ እህቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፣ ስሟን ሳልጠራ፤ «ከቆዩት አንዷ አምስት ዓመት ሠርታ ለቀቀች» የሚል። አነበበችና «አልለቀቀችም» አለችኝ። ኢትዮጵያ ምርቷን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ከአጎዋ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስትወጣ እህቷ የምትሠራበት ፋብሪካ ትዕዛዝ አጣ። እሷም በ2014 ዓ.ም. ከብዙ ጓደኞቿ ጋር ተቀነሰች። ይህን ሁሉ አስረድቼ፣ ስለ «ሪዛይን» እና «ሌይድ ኦፍ» ለእናንተ የምጽፈውን ስዘጋጅ ከርሜ፣ እጄ ግን «ለቀቀች» ብሎ ጽፏል።

አሁን ዜናዋ እንዲህ ትላለች፦ «በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ፋብሪካዎች በመጀመሪያው የሥራ ዓመት የለቀቁት ሠራተኞች ብዛት ፋብሪካዎቹ በአማካይ ከነበራቸው የሠራተኛ ብዛት ጋር የተቀራረበ ነበር። በአንድ የሥራ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ሲፈራረቅ በሌላው ላይ ዓመቱን ሙሉ የቆዩ ነበሩ። ከቆዩት አንዷ ከአምስት ዓመት በኋላ በሠራተኛ ቅነሳ ወጥታለች።» የእንግሊዝኛዋ የመጨረሻ ቃል «ሌይድ ኦፍ» ሆነች።

«ረዘመች» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው፣ ርዕሷም እንደ መጀመሪያዋ አይስብም። ኮሪደሩ ላይ ግን አሁን የተለጠፈችው እሷ ናት፤ የድሮዋን ነቅዬ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።